ስልኩ ቁመታችሁን አያውቅም፦ ስለ ትራክ ጂፒኤስ ከተሞክሮዬ

ሲዲኤል (የትራክ መንጃ ፈቃድ) አውጥተው ሥራ የሚጀምሩ ወንድሞችና እህቶች አዘውትረው የሚጠይቁኝ ጥያቄ አለ። «ጎግል ማፕ በስልኬ ላይ በነጻ እያለልኝ፣ ለምን ብዬ ነው አምስት መቶ ስድስት መቶ ዶላር ከፍዬ ጂፒኤስ የምገዛው?» ይሉኛል። የመጀመሪያው ደመወዝ ሳይገባ፣ ለመንጃ ፈቃድ ትምህርት ቤቱ የተበደሩት ሳይመለስ ሌላ ወጪ ሲመጣ ማንም ቆም ብሎ ያስባል፤ ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሴ ግን ሁልጊዜ አንድ ነው። ስልኩ ቁመታችሁን አያውቅም።

አሜሪካ ውስጥ የምንጎትተው የተለመደ ትሬይለር፣ ድራይ ቫንም (ተራው ሳጥን) ሆነ ሪፈር (ማቀዝቀዣ ያለው)፣ ከመሬት እስከ ጣሪያው 13 ጫማ ከ6 ኢንች ነው። በሜትር ከአራት ትንሽ ያልፋል። ትሬይለሩ ለብቻው 53 ጫማ ይረዝማል፤ ከነጭነቱ ደግሞ ያለ ልዩ ፈቃድ በኢንተርስቴት (ስቴቶችን በሚያገናኘው አውራ ጎዳና) ላይ እስከ 80,000 ፓውንድ ድረስ ይመዝናል። ለትንሽ መኪና የተሠራ ካርታ ከእነዚህ ቁጥሮች አንዱንም አይጠይቃችሁም። ኮሮላ የምትነዱ መስሎት አጭሩንና ፈጣኑን መንገድ ያወጣላችኋል። አብዛኛውን ጊዜ ኢንተርስቴት ላይ ስለምትሆኑ ልዩነቱ አይታይም። የሚታየው ከኢንተርስቴት በወጣችሁበት ቅጽበት ነው።

ኒውዮርክን እንውሰድ። ከከተማው ወደ ሎንግ አይላንድና ወደ ዌስትቸስተር የሚወጡት ፓርክዌይ የሚባሉት መንገዶች የተሠሩት ባለፈው ክፍለ ዘመን የመጀመሪያ አጋማሽ ላይ ለቤት መኪና ነው። ድልድዮቻቸው ዝቅ ያሉና ቅስት ናቸው፤ መሐሉ ላይ የሚያልፍ ትሬይለር በጠርዙ በኩል አያልፍም። ትራክ በእነሱ ላይ መሄድ ክልክል ነው። ሃቺንሰን ሪቨር ፓርክዌይ ላይ ያለው የኪንግ ስትሪት ድልድይ በተደጋጋሚ በትራክ በመመታት የታወቀ ነው። ኮነቲከት ስትገቡ ያ መንገድ ሜሪት ፓርክዌይ ይሆናል፣ እሱም ለትራክ ዝግ ነው። ቦስተን ደግሞ ስቶሮው ድራይቭ አለ። በየዓመቱ ሴፕቴምበር 1 አካባቢ ተማሪዎች ቤት ሲቀይሩ የተከራዩት የዕቃ መኪና እየገባ ጣሪያው ይቀደዳል። ዱራም፣ ኖርዝ ካሮላይና፣ ግሬግሰን ጎዳና ላይ ያለው የባቡር ድልድይ ለዓመታት 11 ጫማ ከ8 ኢንች ብቻ ሆኖ የስንቱን ትራክ ጣሪያ ሲገፍፍ ከኖረ በኋላ በ2019 እ.ኤ.አ. ስምንት ኢንች ከፍ ተደርጓል። አሁን 12 ጫማ ከ4 ኢንች ነው። ከእኛ ትሬይለር ጋር ሲተያይ አሁንም ከአንድ ጫማ በላይ ይጎድለዋል።

ዲሲ፣ ቨርጂኒያና ሜሪላንድ ያለን ሰዎች ደግሞ የራሳችን ፈተና አለብን። ብዙዎቻችን ወደ ትራክ ከመምጣታችን በፊት ታክሲ ወይም ኡበር ስለነዳን አካባቢውን በደንብ እናውቀዋለን። ያ እውቀት ግን የትንሽ መኪና እውቀት ነው። ከቤልትዌይ (ዋሽንግተንን ከሚዞረው መንገድ) ወደ ውስጥ ያለው የኢንተርስቴት 66 ክፍል ለትራክ ዝግ ነው። ጆርጅ ዋሽንግተን ፓርክዌይም እንዲሁ። ከዋሽንግተን ወደ ባልቲሞር የሚወስደው ፓርክዌይም በፌዴራል ፓርኮች አገልግሎት ሥር ባለው ክፍሉ ትራክ አያስገባም። ተሳፋሪ ይዛችሁ አቋራጭ ብላችሁ ትሄዱባቸው የነበሩት መንገዶች እነዚሁ ናቸውና፣ እዚህ ላይ ከማስታወስ ይልቅ ለትራክ የተሠራ ካርታን ማመን ይሻላል።

የትራክ ጂፒኤስ ልዩነቱ ከመነሻው የምትነዱትን ነገር ቁመት፣ ርዝመት፣ ስፋት፣ ክብደትና የጭነቱን ዓይነት መጠየቁ ነው። ከዚያ በኋላ ዝቅተኛ ድልድይን፣ ክብደት የተወሰነበትን መንገድና ለትራክ የተከለከለን ጎዳና ይሸሻል። ቁልቁለትና ጠባብ ኩርባም ሲመጣ ቀድሞ ይናገራል። በትራክ ስቶፕ መደርደሪያ ላይ አዘውትራችሁ የምታዩዋቸው የጋርሚን ዴዝል እና የራንድ ማክናሊ መሣሪያዎች ናቸው። ለትራክ ተብለው የተሠሩ የስልክ መተግበሪያዎችም አሉ፤ መጥፎ አይደሉም፣ እኔም እንደ ሁለተኛ ዓይን እጠቀምባቸዋለሁ። ዋና መሣሪያዬ ግን ዳሽቦርድ ላይ ለብቻው የተቀመጠው ነው። ለምን እንደሆነ ላስረዳ።

አንደኛ፣ ጂፒኤስ ከሳተላይት ይቀበላል እንጂ ምንም አይልክም፤ ኢንተርኔትም አያስፈልገውም። በ20,200 ኪሎ ሜትር ከፍታ ከሚዞሩት ሳተላይቶች ቢያንስ የአራቱን ምልክት ካገኘ የት እንዳለ ያውቃል፤ የመላው ሰሜን አሜሪካ ካርታ ደግሞ ሆዱ ውስጥ ተጭኗል። ዋዮሚንግ ውስጥ ኢንተርስቴት 80 ላይ ወይም በኔቫዳ በረሃ የስልክ ኔትወርክ ሲጠፋ እሱ ሥራውን ይቀጥላል። ስልክም ካርታን ቀድሞ ማውረድ ይችላል፤ ነገር ግን መንገድ ተዘግቶ ካወረዳችሁት ክልል ውጪ ብትወጡ ባዶ ግራጫ ስክሪን ላይ ትቀራላችሁ። ኔትወርክ የሚፈልገው የትራፊክና የአየር ሁኔታ መረጃ ብቻ ነው። እሱን በብሉቱዝ ከስልካችሁ ይወስዳል።

ሁለተኛ፣ ሕጉ አለ። ከ2012 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ጀምሮ የንግድ ተሽከርካሪ ሾፌር እየነዳ ስልክ በእጁ መያዝ በፌዴራል ደንብ ተከልክሏል። ደንቡ ሲወጣ ቅጣቱ ለሾፌሩ እስከ 2,750 ዶላር እንደሚደርስ ተነግሮ ነበር፤ ከዚያ በላይ የሚጎዳው ግን መዝገባችሁ ላይ መጻፉ ነው። ስልኩ ካርታም፣ የዲስፓቸር (ሥራ የሚመድብልን ሰው) መልእክትም፣ የቤተሰብ ጥሪም፣ የሎድ (የጭነት) ወረቀት ካሜራም ከሆነ እጃችሁ ወደ እሱ መዘርጋቱ አይቀርም። ካርታው ለብቻው ሲሆን ፈተናው ይቀንሳል።

ስንገዛ ምን እንይ? ስለ ስክሪን ብዙ ሰው ትልቅ ይመርጣል። አሥር ኢንቹ ያምራል፣ ግን የፊት መስታወቱን ይበላል፤ በተለይ የራሳችሁ የሰውነት ቁመት መካከለኛ ከሆነ በቀኝ ኮርነር ያለ እግረኛ ሊሰወርባችሁ ይችላል። አምስት ኢንች ደግሞ ትራክ ውስጥ ከመቀመጫው እስከ ዳሽቦርዱ ያለው ርቀት ሰፊ ስለሆነ ዓይን ያደክማል። ሰባት ወይም ስምንት ኢንች ልክ ነው እላለሁ።

ከስክሪኑ ይልቅ ድምፁን አድምጡ። የሞተር ድምፅ፣ የሪፈር ጩኸት፣ የንፋስ ድምፅ ባለበት ካቢን ውስጥ «በስተቀኝ ሁለተኛውን መስመር ያዙ» የሚለው ካልተሰማ ስክሪኑ ምንም ቢያምር አይጠቅምም። ሌላው መስመር አመልካቹ ነው። ኤግዚት (መውጫ) ላይ መንገዱ ሲከፈል የትኛውን መስመር መያዝ እንዳለባችሁ በሥዕል የሚያሳይ፣ ይህንንም ከሁለት ማይል ገደማ ጀምሮ የሚናገር መሣሪያ ፈልጉ። ሰባ ጫማ የሚረዝም ነገር ይዞ በመጨረሻው ሰከንድ ሦስት መስመር መቁረጥ አይቻልም፤ ለትንሽ መኪና ሩብ ማይል በቂ ነው፣ ለእኛ አይደለም።

«የዕድሜ ልክ ካርታ» የሚል ጽሑፍ ሳጥኑ ላይ ታያላችሁ። የዕድሜ ልክ ማለት ኩባንያው ያንን ሞዴል መደገፍ እስካላቆመ ድረስ ማለት ነው፣ የእናንተን ዕድሜ አይደለም። ስለዚህ ሞዴሉ መቼ እንደወጣ ጠይቁ። በግማሽ ዋጋ ያገኛችሁት መሣሪያ ከብዙ ዓመት በፊት የወጣ ከሆነ ካርታ የሚያገኝበት ጊዜ ሊያጥር ይችላል። ያገለገለ የምትገዙ ከሆነ ደግሞ ከሻጩ ፊት አብርታችሁ ቀኑን ተመልከቱ። የጂፒኤስ ሳተላይቶች ሳምንታትን የሚቆጥሩት እስከ 1,024 ብቻ ነው፤ ከዚያ ቆጠራው ወደ ዜሮ ይመለሳል። መጨረሻ የተመለሰው ኤፕሪል 6 ቀን 2019 ነበር። ሶፍትዌራቸው ያልታደሰ አንዳንድ አሮጌ መሣሪያዎች ከዚያ ወዲህ የተሳሳተ ቀን ያሳያሉ፤ ቀኑ ከተሳሳተ የመድረሻ ሰዓት ስሌቱም አይታመንም። እንዲህ ያለውን መልሱለት።

የምትገዙበት ሱቅ ያለ ጭቅጭቅ የሚመልስበት ጊዜ ያለው ይሁን፤ ያንን ጊዜም ተጠቀሙበት። ወደምታውቁት መጋዘን መንገድ እንዲያወጣ አድርጉና የምታውቁት መንገድና የሱ መንገድ የት ላይ እንደሚለያዩ፣ ለምን እንደሚለያዩ ተመልከቱ። ከሱቅ መደርደሪያ ፊት ቆሞ ከማንበብ ይህ ይበልጣል።

በነገራችን ላይ፣ እዚህ የተሸጠን መሣሪያ ለወንድም ወይም ለአባት ብላችሁ ወደ አዲስ አበባ የምትልኩ ካላችሁ፣ ውስጡ ያለው ካርታ የሰሜን አሜሪካ ብቻ ሊሆን እንደሚችል እወቁ። ለጋርሚን የሚጫኑ ከኦፕንስትሪትማፕ የተዘጋጁ ነጻ ካርታዎች አሉ፤ የሚጭን ሰው ካላገኛችሁ ግን ስጦታው ዕቃ ብቻ ሆኖ ይቀራል።

አሁን ወደ አቀማመጡ። የፊት መስታወት ላይ የሚለጠፍ ነገር ሕግ አለው። ለምሳሌ ካሊፎርኒያ ውስጥ ጂፒኤስ መስታወት ላይ የሚፈቀደው በታችኛው ጥግ ብቻ ነው፤ ከሾፌሩ በራቀው ጥግ ሰባት ኢንች በሰባት ኢንች፣ በሾፌሩ በኩል ባለው ጥግ አምስት በአምስት፣ ያውም ኤርባግ የማይከፈትበት ቦታ። ሰባት ኢንች ስክሪን ከነጠርዙ ከዚህ ሊያልፍ ስለሚችል ዳሽቦርድ ላይ ባለ መቆሚያ ማስቀመጥ ይቀላል። የሚጣበቅ ከሆነ ቦታውን በአልኮል ጠርጉት፤ አቧራ ባለበት ዳሽቦርድ ላይ የተለጠፈ ነገር ሚኒሶታ ብርድ ውስጥ ይወድቃል፣ የሚወድቀውም ብሬክ ስትይዙ ነው። በበጋ በቴክሳስና በአሪዞና ሙቀት ደግሞ መስታወት ሥር ትታችሁት አትሂዱ፤ ባትሪው ያብጣል። ገመዱን ሁልጊዜ ከኃይል ጋር አያይዙት፤ የራሱ ባትሪ የተሠራው ትራኩ ጠፍቶ ሲነሳ ለማሻገር እንጂ ቀኑን ሙሉ ለመሥራት አይደለም።

ከገዛችሁ በኋላ የመጀመሪያው ሥራ የተሽከርካሪውን መረጃ መሙላት ነው። እዚህ ላይ አትቸኩሉ፤ የከፈላችሁበት ነገር ይህ ነው። ቁመቱን 13 ጫማ ከ6 ኢንች ብላችሁ ሙሉ፤ ባዶም ሆናችሁ፣ ቦብቴይልም (ያለ ትሬይለር) ሆናችሁ አትቀንሱት። ብዙ ሰው ባዶ ስንሆን ዝቅ የምንል ይመስለዋል። እውነቱ ተቃራኒው ነው። ጭነት ሲራገፍ ስፕሪንጉ ይዘረጋና ትሬይለሩ ከፍ ይላል። ጭኖ ያለፈ ትራክ ባዶውን ሲመለስ በዚያው ድልድይ ሊመታ የሚችለው በዚህ ምክንያት ነው። በድልድዩ ላይ የተጻፈው ቁጥርም ከድልድዩ ሥር ያለው አስፋልት በድጋሚ ከመደረቡ በፊት የተለካ ሊሆን ይችላል፤ በረዶ መንገዱ ላይ ሲረገጥና ሲደድር ደግሞ ከዚያም ላይ ይቀንሳል። ፍላትቤድ (ጣሪያና ግድግዳ የሌለው ትሬይለር) የምትጎትቱ ከሆነ በእያንዳንዱ ሎድ ላይ ጭነቱን በመለኪያ ዘንግ ለክታችሁ ቁጥሩን ቀይሩ። መሣሪያው የሚያውቀው የነገራችሁትን ብቻ ነው።

ክብደት ላይ ሁለት መገለጫ ብታዘጋጁ ጥሩ ነው፤ አንዱ 80,000 ፓውንድ፣ አንዱ ባዶ። ጥርጣሬ ካለ ግን ከባዱን ምረጡ። ብዙ የገጠር ድልድዮች በክብደት የተወሰኑ ናቸው፤ ከባዱን ስትመርጡ የሚጨመርባችሁ ጥቂት ማይል ነው።

አደገኛ ጭነት የምትጭኑ ሰዎች የሃዝማቱን ቅንብር ከልብ ተመልከቱ። የባልቲሞር ሁለቱ ዋሻዎች፣ የኢንተርስቴት 95ቱም የ895ቱም፣ አደገኛ ጭነት አያሳልፉም። ቀድሞ መፍትሔው በኢንተርስቴት 695 የፍራንሲስ ስኮት ኪይ ድልድይ መሻገር ነበር። ያ ድልድይ ማርች 26 ቀን 2024 መርከብ መትቶት ወደቀ። ካርታው ከዚያ በፊት የተጫነ መሣሪያ እስከ ዛሬ ወደሌለ ድልድይ ይመራል፤ ሾፌሩ በምልክት ተመልሶ በ695 ምዕራብ በኩል ከተማውን መዞር አለበት፣ ያኔ በሕግ የተፈቀደለት የመንዳት ሰዓት ሊያልቅበት ይችላል። ካርታ አድሱ ስል የምነግራችሁ ይህን ዓይነት ነገር አስቤ ነው። እድሳቱ በዋይፋይ ይመጣል፣ ፋይሉ ትልቅ ስለሆነ ሰዓታት ይወስዳል፤ ቤት በምታርፉበት ቀን ማታ ከኃይል ጋር አያይዛችሁ ጀምሩትና ተኙ። ቦታ አነሰኝ ካለ የማስታወሻ ካርድ ጨምሩለት። ሎድ ለመጫን ሁለት ሰዓት ሲቀራችሁ ፈጽሞ አትጀምሩት።

አድራሻ አጻጻፍ ላይ ትንሽ ልቆይ። እኛ ያደግነው «ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ፣ ከጤና ጣቢያው ፊት ለፊት» እየተባባልን፣ ካላገኘነውም ሱቅ ጠይቀን ነው። እዚህ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ የመጋዘን ሰፈር ውስጥ የሚጠየቅ ሰው የለም፤ ስለዚህ አድራሻው ላይ ያለች እያንዳንዷ ፊደል ዋጋ አላት። ዲሲ ውስጥ አንድ ቁጥርና አንድ የጎዳና ስም በኖርዝዌስት፣ በኖርዝኢስት፣ በሳውዝዌስትና በሳውዝኢስት ሊደጋገም ይችላል። አትላንታ ውስጥ በፒችትሪ ስም የሚጠሩ ጎዳናዎች በደርዘን ይቆጠራሉ። ስፕሪንግፊልድ የሚባል ከተማ በብዙ ስቴት አለ። ስትሪት፣ አቬኑ፣ ኮርት የሚሉት አንዱ በሌላው አይተካም። ስቴቱን፣ ከተማውን፣ ዚፕ ኮዱን ከሎዱ ወረቀት ጋር አስተያዩ፤ መሣሪያው መንገዱን ሲያወጣ የሚያሳየውን ጠቅላላ ማይል ዲስፓቸሩ ከሰጣችሁ ማይል ጋር አወዳድሩ። ልዩነቱ ሰፊ ከሆነ አንዱ ቦታ ላይ የተለየ ነገር አለ፤ ሳትነሱ ፈልጉት።

ከመነሳታችሁ በፊት የመታጠፊያዎቹን ዝርዝር ክፈቱና ከላይ እስከ ታች አንብቡት። እኔ የመንገድ ቁጥሮቹንና የኤግዚት ቁጥሮቹን በወረቀት ላይ እጽፋለሁ። ይህን ለማድረግ የኢንተርስቴት አቆጣጠር ማወቅ ይረዳል። ጎዶሎ ቁጥሮች ከደቡብ ወደ ሰሜን፣ ሙሉ ቁጥሮች ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ የሚሄዱ ናቸው። ሦስት አኃዝ ያለው ሆኖ መጀመሪያው ሙሉ ከሆነ፣ እንደ 495፣ አብዛኛውን ጊዜ ከተማን ይዞራል፤ መጀመሪያው ጎዶሎ ከሆነ፣ እንደ 395፣ ወደ ውስጥ የሚገባ ቅርንጫፍ ነው። በአብዛኞቹ ስቴቶች የኤግዚት ቁጥሩ የማይል ቁጥር ነው፤ አሁን ማይል 80 ላይ ከሆናችሁና ኤግዚታችሁ 133 ከሆነ 53 ማይል ቀርቷችኋል። ይህን ያወቀ ሾፌር መሣሪያው ቢጠፋበት እንኳ አይደናገጥም፤ መሣሪያው ያልተለመደ ነገር ሲያዘውም ወዲያው ይገባዋል። ሁለት ሆናችሁ በቲም የምትነዱ ከሆነ ደግሞ ያች ወረቀት ከተኛው ጓደኛ ጋር ፈረቃ መለዋወጫ ትሆናለች።

የክፍያ መንገድን ሙሉ በሙሉ አስወግድ የሚለውን ቁልፍ ስትነኩ ተጠንቀቁ። በአክስል (በጎማ ዘንግ ብዛት) ስለሚቆጠር የፔንሲልቬንያ ተርንፓይክ ክፍያ ለትራክ ከባድ ነው፣ ኦውነር ኦፕሬተር (የራሳችሁን ትራክ የምትነዱ) ከሆናችሁ ከኪሳችሁ ይወጣል። ነገር ግን ያንን ቁልፍ ሁልጊዜ እንደበራ ከተዋችሁት ኒው ጀርሲ ላይ ትንሽ ገንዘብ ለማዳን ብሎ በትራፊክ መብራት የተሞላ ጎዳና ውስጥ ያስገባችኋል። እኔ ቁልፉን አጥፍቼ በምፈልገው መንገድ ላይ መሸጋገሪያ ነጥብ እጨምራለሁ። «አጭር ርቀት» የሚለውን ምርጫ ደግሞ ጨርሶ አትንኩት።

ከሁሉ በላይ ጊዜ ልትሰጡት የሚገባው የመጨረሻው ማይል ነው። ኢንተርስቴቱና ዋና ዋና መንገዶቹ በካርታው ላይ በደንብ ተመዝግበዋል። ከኤግዚቱ እስከ ዶኩ (ጭነት መጫኛና ማራገፊያው) ያለው መንገድ ላይ ግን የትራክ መረጃው ሊጎድል ይችላል፤ መሣሪያው ራሱ በዚህ መንገድ ላይ የትራክ መረጃ የለኝም ብሎ የሚያስጠነቅቅበት ጊዜ አለ። ያን ማስጠንቀቂያ ዝም ብላችሁ አትዝጉት። ከዚህ በኋላ በዓይናችሁ ሂዱ ማለቱ ነው።

ሌላው ችግር በሎዱ ወረቀት ላይ ያለው አድራሻ የቢሮው ወይም የፖስታው መሆኑ ነው። የትራኩ በር ከጀርባ፣ በሌላ ጎዳና፣ አንዳንዴም ከባቡር ሐዲዱ ማዶ ይሆናል። ስለዚህ አንድ ቀን ቀደም ብዬ፣ በሥራ ሰዓት፣ ተቀባዩ ጋር እደውላለሁ። የትራክ መግቢያው በየትኛው ጎዳና ነው? ከየትኛው ኤግዚት መምጣት ይሻላል? በዙሪያው ዝቅተኛ ድልድይ ወይም ለትራክ የተከለከለ መንገድ አለ? ሌሊት ብደርስ የማቆምበት ቦታ አለ? እንግሊዝኛ የሚያስቸግራችሁ ከሆነ ጥያቄዎቹን ቀድማችሁ ጽፋችሁ ያዙ፣ ወይም ዲስፓቸሩ አብሮ መስመር ላይ እንዲገባ ጠይቁ። የሚያፍሩበት ነገር የለውም፤ ሠላሳ ዓመት የነዱ ሰዎችም ይደውላሉ።

ከዚያ ቆሜ ሳለሁ በስልኩ ላይ የሳተላይት ፎቶውን እከፍታለሁ። ስልክ ከጂፒኤሱ የሚበልጥበት ቦታ ይህ ነው። ከላይ ሲታይ ትሬይለሮች የተደረደሩበት ወገን ዶኩ ያለበት ነው፤ የትንሽ መኪና ማቆሚያ ያለበት ወገን ቢሮው ነው። በሩ ፊት ወረፋ የሚያዝበት ቦታ አለ ወይስ መንገድ ላይ ነው? በስተቀኝ ስታጠፉ ትሬይለሩ የሚያርፍበት ቦታ ይበቃል? በሩን ካገኘሁ በኋላ በጂፒኤሱ ካርታ ላይ ጣቴን አስቀምጬ ያንን ነጥብ መድረሻ አደርገዋለሁ። አራግፌ ስወጣም በተቀባዩ ስም አስቀምጠዋለሁ። ይህች ዝርዝር እያደር ከመሣሪያው ዋጋ ትበልጣለች፤ አዲስ ሾፌር ወንድማችን ወደዚያው መጋዘን ሲሄድ ስልክ ደውሎ የሚጠይቀው ይህችኑ ነው።

መሣሪያው የማይችለውንም እወቁ። ቺካጎ ታችኛው ዋከር ድራይቭ ሥር ሳተላይት አይታይም፤ ማንሃተን ውስጥ ምልክቱ ከፎቅ ፎቅ እየነጠረ በጎን ያለው ጎዳና ላይ ያደርጋችኋል። የአየር ሁኔታን ሊነግራችሁ የሚችለው ከስልክ ጋር ከተገናኘ ነው፤ ዋዮሚንግ በክረምት በላራሚና በሮውሊንስ መካከል ኢንተርስቴት 80ን በነፋስና በበረዶ ምክንያት ስትዘጋ መረጃውን ከስቴቱ የመንገድ መሥሪያ ቤት ማየት አለባችሁ። ኮሎራዶ ውስጥ ኢንተርስቴት 70 ላይ ከማይል 133 እስከ 259 ባለው ክፍል ከሴፕቴምበር 1 እስከ ሜይ 31 ሰንሰለት መያዝ ግዴታ ነው፤ ይህንን ጂፒኤስ ላይነግራችሁ ይችላል። በቴኔሲና በኖርዝ ካሮላይና ድንበር ያለው ሃይዌይ 129፣ በ11 ማይል ውስጥ 318 ኩርባ ያለው፣ በቴኔሲ በኩል ከ2015 ጀምሮ ከ30 ጫማ በላይ ለሆነ ትራክ ተከልክሏል፤ በስልክ ካርታ ግን ጥሩ አቋራጭ መስሎ ይታያል።

ከሁሉም በላይ የመንገዱ ምልክት ነው የሚገዛው። መሣሪያው ግባ ቢል፣ ምልክቱ ትራክ ክልክል ነው ካለ አትግቡ። ፖሊስ ፊት «ጂፒኤሱ ነው ያመጣኝ» የሚል መከላከያ የለም። ከጁን 2025 መጨረሻ ጀምሮ ደግሞ የእንግሊዝኛ ችሎታ ፍተሻው ጠብቋል፤ የመንገድ ምልክቶችን ማንበብ ያልቻለ ሾፌር እዚያው ከሥራ ውጪ ሊደረግ ይችላል። በድምፅ እየተመራችሁ ብትሄዱም ምልክቶቹን ጮክ ብላችሁ እያነበባችሁ መንዳት ልመዱ።

መታጠፊያ ቢያልፋችሁ አትደንግጡ። መሣሪያው እንደገና ሲያሰላ የሚሰጣችሁን የመጀመሪያ ትእዛዝ ወዲያው አትከተሉ፤ ወደ ጠባብ መኖሪያ ሰፈር አስገብቶ ሊያዞራችሁ ይችላል። በያዛችሁት ትልቅ መንገድ ቀጥሉ፣ ሰፊ ማቆሚያ ወይም ትራክ ስቶፕ ፈልጉ፣ ቁሙና ካርታውን እዩ። አምስት ማይል ዞሮ መመለስ ምንም አይደለም።

ዝቅ ያለ ድልድይ ፊት ለፊት ከመጣባችሁና መውጫ ከሌለ ቁሙ። አራቱንም መብራት አብሩ። ከኋላ ያለው መኪና ቢያጮህ፣ ሰው ወጥቶ «ታልፋለህ፣ ሂድ» ቢላችሁ አትስሙ። ብቻችሁን ወደ ኋላ አትመለሱ፤ የማታዩት ትንሽ መኪና ከኋላችሁ ይኖራል። 911 ደውሉና ትራክ መሆናችሁን፣ ቁመታችሁን፣ የመንገዱን ስምና በአቅራቢያው ያለውን ኤግዚት ወይም የማይል ቁጥር ንገሯቸው፤ ፖሊስ መጥቶ ትራፊኩን ከኋላ አቁሞ ያስወጣችኋል። የት እንዳላችሁ በትክክል ለመናገር የጂፒኤሱን ስክሪን ንኩ፤ አብዛኞቹ የትራክ መሣሪያዎች ያላችሁበትን መንገድ፣ የቅርቡን መስቀለኛና የቦታውን ቁጥሮች የሚያሳይ ገጽ አላቸው። ያ ገጽ የት እንዳለ ዛሬ፣ ቤታችሁ በር ላይ እንደቆማችሁ ፈልጋችሁ እወቁት።